ኡትሶንን በሲድኒ ብቻ አትለኩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ዴንማርካዊው አርክቴክት ዮርን ኡትሶን ሲነሳ ወሬው ሁሌ ከሲድኒ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። እዚያ የነደፈው ኦፔራ ሃውስ (የሙዚቃና የትርኢት አዳራሽ) ድንቅ ነው፤ እሱ አያከራክርም። ሰውየውን በዚያ ብቻ መለካት ግን ያናድደኛል።

በእርግጥ የሲድኒው ታሪክ ራሱ ያንገበግባል። የኦፔራ ሃውሱን የንድፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያሸንፍ ገና 38 ዓመቱ ነበር። ጣሪያው እንዴት እንደሚቆም መሐንዲሶቹን ለዓመታት አስጨነቃቸው። በመጨረሻ የጣሪያው ቅርፊቶች ሁሉ ከአንድ ድቡልቡል አካል ላይ እንደተቆረጡ አድርጎ ነደፋቸው፤ በዚህ ምክንያት ክፍሎቹን በተመሳሳይ ሻጋታ እየደጋገሙ ማምረት ተቻለ። ከዚያ በ1965 መንግሥት ተቀየረ፣ አዲሱ ሚኒስትር ክፍያውን ያዘበት፣ እሱም በዓመቱ ጥሎ ወጣ። በ1973 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲመርቁት ስሙ እንኳ አልተጠራም። ያለቀውን ሕንፃ በዓይኑ ሳያየው በ2008 አረፈ። ወጪው ከ7 ሚሊዮን ወደ 102 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያሻቀበው በእሱ ጥፋት ነው የሚሉ አሁንም አሉ። ዲዛይኑ ሳያልቅ ቁፋሮ ያስጀመሩት እኮ የቸኮሉ ፖለቲከኞች ናቸው!

እኔ ግን ሰው እንዲያይልኝ የምፈልገው ዴንማርክ ውስጥ ሄልሲንገር ከተማ ያሉትን፣ እሱ የነደፋቸውን የኪንጎ ቤቶች ነው። ወደ 60 የሚጠጉ ናቸው፣ ግንባታቸው የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። እያንዳንዱ ቤት ያረፈው 15 በ15 ሜትር ቦታ ላይ ሲሆን በሁለት ጎን ክፍሎቹ፣ በቀሩት ሁለት ጎኖች ደግሞ የጡብ አጥር ሆኖ መሐል ላይ የራሱ ግቢ አለው። ቤቶቹ መሬቱን ደልድለው በሰልፍ አልተደረደሩም። ተዳፋቱን ተከትለው ወጣ ገባ ይላሉ፣ ፀሐይም ለሁሉም ይደርሳል። የሀብታም ቪላዎች አይደሉም፤ መጠነኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ታስበው በቢጫ ጡብ የተሠሩ ቤቶች ናቸው። ለተራ ሰው ቤት ይህን ያህል መጨነቅ ለእኔ ከኦፔራው ጣሪያ ይበልጥብኛል።

ኮፐንሃገን አጠገብ ያለው የባግስቨርድ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ከውጭ መጋዘን ይመስላል። ውስጡ ሲገባ የኮንክሪቱ ጣሪያ እንደ ደመና ይንከባለላል፣ ብርሃኑም ከላይ ይወርዳል።

ኩዌት ያሉ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ የእሱን ሥራ ሳያውቁት ያልፉታል። በባሕሩ ዳር ያለው የምክር ቤቱ ሕንፃ የእሱ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ግዙፍ የኮንክሪት ዳስ የሕዝብ አደባባይ እንዲሆን፣ ሰው ከፀሐይ ተጠልሎ ከመሪዎቹ ጋር እንዲገናኝበት የታሰበ ነበር። ውስጡም እንደ ገበያ በአንድ ዋና መተላለፊያ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው። በ1991 የኢራቅ ጦር ሲያፈገፍግ አቃጥሎት ነበር፣ በኋላ ታደሰ።

ስለዚህ አዘጋጆች፣ የሕንፃ ፎቶ ስታወጡ የአርክቴክቱን ስም ከሥሩ ጻፉልን። ስለ ኡትሶን የምታወጡ ከሆነም በኪንጎ ቤቶች ጀምሩ።

የዘወትር አንባቢያችሁ