ባይናሪን በሀ ሁ እናስተምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአይቲ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን 45ን ወደ ባይናሪ፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ወደሚጻፈው ቁጥር ቀይሩ ስላቸው አብዛኞቹ ለሁለት እያካፈሉ ቀሪውን ከታች ወደ ላይ ይጽፉና 101101 ብለው ይሰጡኛል። ልክ ናቸው፤ ቦታዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያሉ ስለሚሄዱ፣ 1 የተጻፈባቸው 32፣ 8፣ 4 እና 1 ሲደመሩ 45 ነው። እሺ፣ ይሄ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ምን ይሠራል ስላቸው ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለኝም። እኛ ለፈተና የሚሆነውን ብቻ አስይዘን ነው የምንለቃቸው።

ለምን 0 እና 1 ብቻ ሆነ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ኮምፒውተር የሚሠራው ትራንዚስተር በሚባሉ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነው፣ ትራንዚስተር ደግሞ ወይ ያሳልፋል ወይ ይዘጋል። አሥር ዓይነት የቮልቴጅ መጠን እንዲለይ ብናደርገው ትንሽ መረበሽ ሲገባ 6ቱን 7 ነው ብሎ ሊያነበው ይችላል፤ ሁለት ብቻ ሲሆኑ መሳሳቱ በጣም ይቀንሳል።

ልጆቹ የሚነቁት ፊደላችን ላይ ስደርስ ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚይዘው በቁጥር ነው። ሁሌ የምንሰጠው ምሳሌ የእንግሊዝኛው ኤ 65 ነው የሚለው ነው፤ የራሳችን ፊደል እያለ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ተደርበው ስለሚሠሩ፣ የጻፍከው ነገር ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። አሁን ሀ የራሱ ቁጥር አለው፣ 4608። በባይናሪ 1001000000000 ማለት ነው። ለ 4616 ነው፣ ማለትም 1001000001000። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተመደበ የመጨረሻዎቹን ሦስት አሃዞች ብቻ አይቶ ድምፁን ማወቅ ይቻላል፦ ግዕዙ 000፣ ካዕቡ 001፣ ሣልሱ 010፣ ራብዑ 011፣ እንዲህ እያለ ሳብዑ 110 ላይ ይደርሳል። ሉ፣ ሙ፣ ሱ፣ ቡ ሁሉም በ001 ያልቃሉ! ስምንተኛዋ ቦታ 111 ደግሞ ለሏ፣ ለሟ እና ለቧ ሆናለች። ለቈ፣ ለኰ እና ለጐ ሌላ ረድፍ ተጨምሯል። አንድ ተማሪ ሉን ሎ ለማድረግ የትኞቹ አሃዞች እንደሚቀየሩ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሲሠራ ባይናሪ ገብቶታል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ 45ን ቀይር ማለት ምንም አይከብደውም።

ሌላው በየቀኑ የሚያዩት ነገር ነው። በአማርኛ ስንጽፍ ኤስኤምኤስ ለምን ቶሎ ይሞላል? አንዷ 0 ወይም 1 ቢት ትባላለች፣ ስምንት ቢት ደግሞ አንድ ባይት ነው። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ይይዛል፣ 1120 ቢት ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ይገባል፤ የእኛ አንድ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ 70 ብቻ ነው የሚገባው፣ ሰባ አንደኛውን ስትጽፍ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ሒሳብ ራሳቸው አካፍለው ሲያገኙት ደስታቸውን ማየት ነው።

መጽሐፍ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ከኤ ጎን ሀን አስገቡልን። ለሥራችሁ የሚከብድ አይመስለኝም። ጋዜጣችሁም ከሀ እስከ ፐ ያለውን የፊደል ገበታ ከነባይናሪ ቁጥሩ በአንድ ገጽ ቢያወጣልን ቆርጠን ክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

አንድ የአይቲ መምህር