ለኦፕራሲዮን ታካሚዎች አምባር እናዋጣ

የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ አገር ቤት ያላችሁም ውጭ ያላችሁም፣ እስቲ አንዴ ስሙን።

ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ታካሚ ይዞ ደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ይህን ያውቀዋል። ታካሚው በስትሬቸር ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ጋቢውን ተከናንቦ ደጅ የቆመው አስታማሚ ጋውን የለበሰ ሰው በወጣ ቁጥር "የኛ ሰው ወጣ ወይ?" እያለ ይውላል። ተረኛዋ ነርስም ብትሆን ታካሚው ገና ዝግጅት ላይ ይሁን፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ይሁን ወይ ማገገሚያ ገብቶ ይሁን ለማጣራት ሥራዋን ጥላ መሮጥ አለባት። ቀጣዩ ባለተራ ደግሞ እህል ውሃ ሳይቀምስ ይጠብቃል።

ያሰብነው ነገር ቀላል ነው። ታካሚው እጁ ላይ አርኤፍአይዲ የሚባል ቺፕ ያለበት አምባር ያስራል። ቺፑ ባትሪ የለውም፤ በር ላይ የተሰቀለው ማንበቢያ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ ሲያገኘው ቁጥሩን ይመልሳል። ታካሚው በር ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ይይዛል፣ ደጅ ያለው ስክሪን ደግሞ ቁጥሩንና ያለበትን ክፍል ያሳያል። ስምም በሽታም አይጻፍም፣ የሰው ገመና ግድግዳ ላይ አንሰቅልም።

ብረትና የሰው ገላ ሞገዱን ስለሚያደክሙት አንዳንዴ ቺፑ ማንበቢያውን ሊያመልጠው ይችላል፤ ያኔ ነርሷ በእጅ ታስገባለች። ታካሚውን በስሙ ጠይቆ ማረጋገጥም አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር በ8 ሆስፒታሎች ሲሞከር የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ዝርዝሩ ደግሞ የሚሠራው ሰው ከሰው ጋር እየተነጋገረ ሲያረጋግጥ ነው እንጂ በቺፕ አይደለም።

የሚያስፈልጉን የበር ማንበቢያዎች፣ ኮምፒውተር፣ ስክሪንና መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው አምባሩ ነው፤ ለአንድ ታካሚ ታስሮ የሚጣል ስለሆነ ወጪው በየወሩ ይቀጥላል። ስለዚህ አንዴ ብዙ ሰጥቶ ከሚጠፋ ይልቅ በየወሩ ትንሽ የሚያዋጣ ሰው ይሻለናል።

አሁን ግን ብር አትላኩ! ከሆስፒታሉ ጋር ስምምነቱ ስላልተፈረመ ስሙንም አንጠራም። ሲፈረም ገንዘቡ በደረሰኝ በራሱ በሆስፒታሉ ሂሳብ ይገባል። እስከዚያ በዚህ ስም የባንክ ቁጥር የሚልክላችሁ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ለጊዜው በወር ስንት እንደምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ሶፍትዌር የምትሠሩና የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የምታውቁ ደግሞ ለጥቂት ቀን መጥታችሁ ብታግዙን ማደሪያና ምግብ ከኛ፣ ወፍራም ጃኬት ከናንተ።