መጀመሪያ የወደድናት መኪና

ውድ የአሮጌ መኪና ወዳጆች፣

እኔን ፍቅሩ የያዘኝ ሐረጎ ዳገት ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ከአጎቴ ጋር ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጣን ነበር። ትልልቆቹ መኪኖች ራዲያተራቸው ፈልቶ፣ ኮፈናቸው ተከፍቶ ጥግ ይዘዋል። የእኛ ቮልስ ግን እየተንጣጣች አለፈቻቸው። «እሷ እኮ ውሃ አትጠጣም!» አለኝ አጎቴ። እውነቱን ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም አየር እንጂ ውሃ አይደለም። ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ያን ቀን ከልቤ አዝኛለሁ።

ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ የእናንተን አውጉኝ። በጭነት መኪናው በፊያት ኤንትሬ የተለከፋችሁም አላችሁ። የድሮ ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በተለይ አባቶቻችሁ መሪ እንደያዙ የተነሱትን።