ስለ ጠረጴዛ መጋዛችን

ውድ የወርክሾፑ አባላት፣

የዋንዛው ጠርዝ እየጠቆረ ሲወጣ ዲስኩን ለሞራጅ ከመስጠታችሁ በፊት ከጠረጴዛው ቦይ (ገጹ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ከተቆረጠው ቀጥ ያለ ጎድጓዳ መስመር) ጋር ትይዩ መቆሙን አረጋግጡ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ዲስኩን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉ። አንዱን ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉበትና ከጠረጴዛው ቦይ እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት ከፊት በኩል ለኩ። ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙራችሁ ድገሙት፤ ሌላ ጥርስ ከሆነ ልኬቱ ያሳስታል። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የዲስኩን ተሸካሚ ብሎኖች አላልቶ ማስተካከል ነው።

ከዚያ መሪው (እንጨቱ ተደግፎት የሚገፋው ቀጥ ያለ ዘንግ) ከቦዩ ጋር ትይዩ ይሂድ። በመሪውና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት በኋላ በኩል ፀጉር ታህል ቢሰፋ አይጎዳም። ከጠበበ ግን እንጨቱን ዲስኩ ላይ ያጣብቀዋል፤ የሚያቃጥለውም፣ ወደ ሰው የሚወረውረውም ያኔ ነው።

ለ25 ሴንቲ ሜትር ዲስክ፣ ጣውላ በቁመቱ ለመሰንጠቅ 24 ጥርስ፣ ለአግድም ቆረጣና ለፕላይውድ 60 ወይም 80 ይሁን። ባለ 80ው ወፍራም ጣውላ አይሰንጠቅበት፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ሰጋቱራውን አይተፋም፣ ይግላል። ሙጫ የያዘውን ዲስክ በሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ በጥርስ ብሩሽ አጽዱት፤ ብዙ ጊዜ ደነዘዘ የሚባለው የቆሸሸው ነው።

ከዲስኩ ኋላ የምትቆመው ቀጭን ብረት የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይገጥም ትይዛለች። የፈታት ካለ እባካችሁ ዛሬውኑ ይመልሳት።