ለአባቴ፣ ስለ አራቱ ሳሙናዎች

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእማዬስ ወገብ ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው። ትንሿ “አያቴን አገናኙኝ” እያለች ስልኬን ትነጥቀኛለች።

ለእንቁጣጣሽ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ። ሻንጣው ሞልቶበታል። “ትንሽ ዕቃ ከሆነ ስጠኝ” ሲለኝ አራት የጢም መላጫ ሳሙና ሰጠሁት። ለምን አራት እንደሆነ ባለፈው በስልክ ላስረዳዎ ስል መስመሩ ተቆራረጠብን። ስለዚህ ልጻፍልዎ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅዎ። አምና የላክሁልዎ አረንጓዴው ሳሙና ጥፋቱ የእኔ ነው። እዚህ የገዛሁት በሐምሌ ነበር። እዚህ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ፣ በሐምሌ ሙቀቱ 30 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይጣበቃል፤ መስኮት ቢከፍቱ የሚገባ ንፋስ የለም። ያንን ሳሙና ፊቴ ላይ ሳደርገው ነፍሴ መለስ አለች። “ለአባባ የሚሆነው ይህ ነው” አልኩ። እርስዎ እጅ የገባው ግን በኅዳር ነው። ደብረ ብርሃን፣ በኅዳር ማለዳ፣ ሣሩ ውርጭ ለብሶ! “ፊቴን በረዶ ውስጥ የነከርኩት መሰለኝ” ያሉኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በእኔ መስኮት የሚታየውን አየር አይቼ መረጥኩ እንጂ የእርስዎን ደጅ አላሰብኩም።

ነገሩን ኋላ ፈልጌ አነበብኩ። ሥራው ሳሙናው ውስጥ ያለው፣ ከናና ዓይነት ቅጠል የሚገኘው የሜንቶል ነው። ሜንቶል ፊትዎን በእውነት አያቀዘቅዘውም። ብርድ ሲመጣ ለአንጎል የሚናገረውን ነርቭ ነው የሚቀሰቅሰው። ቆዳዎ ያው ነው፤ አንጎልዎ ግን በረደኝ ይላል። ይህ በሙቀት ቀን ያረካል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በውርጭ ማለዳ ሲሆን ግን በብርድ ላይ ብርድ ነው። በዚያ ላይ የእርስዎ ቆዳ ሳስቷል፤ ቶሎም ይደርቃል። ይህን ማሰብ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሽታን በወቅቱ መምረጥ የምር ይዞኛል። ሽታ ሁሉ እኩል አይተንም፣ አባባ። ሎሚና ብርቱካን ቀላል ናቸው፤ ቶሎ ተነስተው ቶሎ ይጠፋሉ። ሰንደል፣ ቫኒላ፣ ዕጣን የመሳሰሉት ከባድ ናቸው፤ ቀስ ብለው ይወጣሉ፣ ይቆያሉም። ሙቀት ደግሞ ሁሉንም ያስነሳል። ለዚህ ነው ከባድ ሽታ በሐሩር ቀን አፍንጫ የሚያፍነው፣ በብርድ ጊዜ ግን ልክ የሚሆነው። እርስዎ ይህን ድሮም ያውቁታል። እማዬ በነሐሴ ዕጣን ስታጨስ በሩ ተዘግቶም ደስ ይለን ነበር። በሚያዝያ ቀትር ስታጨስ ግን “በሩን ክፈቱት” የሚሉት እርስዎ ነበሩ።

ያሳሳተኝ የወቅቱ ስምም ነው። እዚህ ያለን ሐበሾች የፈረንጁን የበረዶ ጊዜ “ክረምት” እንለዋለን። እዚህ በረዶ ሲወርድ እናንተ ዘንድ በጋ ነው። ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ። የእናንተ ክረምት ደግሞ ዝናብ፣ ጉምና ጭቃ ነው። እዚህ “ይህ የክረምት ሽታ ነው” ብለው ሲሸጡልኝ የሚያወሩት ስለ በረዶ ነው። ስለዚህ የሻጩን ምክር ትቼ በእኛው ወራት መረጥኩልዎ።

ቢጫዋ የመስከረም ናት። ሽታዋ ኮሎኝ የምንለው ነው፤ ስሙም የወጣው ከዚሁ ከምኖርበት ከተማ ነው። ዮሐን ማሪያ ፋሪና የሚባል ጣሊያናዊ እዚህ መጥቶ የቀመመው ሽቶ ነው። የሽቶ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1709 ተመሠረተ፤ ዛሬም ድረስ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለወንድሙ ደብዳቤ ጽፎለታል። የጣሊያንን የጸደይ ማለዳ፣ ከዝናብ በኋላ ያለውን የብርቱካን አበባ የሚያስታውሰኝ ሽታ አገኘሁ ይለዋል። ሰውዬው ከአገሩ ርቆ ነው ይህን የሚጽፈው። “ከዝናብ በኋላ” የሚለውን ሳነብ እኔ የታየኝ መስከረም ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሜዳው አደይ አበባ ለብሶ። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ይክፈቷት። ቀትር ላይ ሽታዋን ካጡት አይገረሙ፤ የሎሚና የብርቱካን ጠባያቸው ነው።

ቡናማዋ የኅዳርና የታኅሣሥ ናት። ከአራቱ እኔ የምወዳት እሷን ነው። የሽታው ዓይነት ፉዤር ይባላል። ስሙ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1882 ሁቢጋን የተባለ የፈረንሳይ ሽቶ ቤት ካወጣው ሽቶ ነው። ላቬንደር የሚባል አበባ አለበት፤ ዛፍ ላይ የሚወጣው ሽበት አለበት፤ ኩማሪን የሚባል ነገርም አለበት። እዚህ የድሮ ጸጉር ቤት ሽታ የሚሉት እሱን ነው። እኔ ግን ጸጉር ቤት አልታየኝም። ብሩሹን እርጥብ አድርጌ ሳሙናው ላይ ሳዞር፣ አረፋው ገና ሳይወፍር፣ አንድ ነገር ሽው አለኝ። ቆም አልኩ። ድርቆሽ! ብሩሹን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ደጋግሜ አሸተትኩት። ድርቆሽ ነው። ለካ ኩማሪን ታጭዶ በደረቀ ሣር ውስጥም ያለ ነው።

ያስታውሳሉ አባባ? በኅዳር ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ ከድርቆሹ ክምር አጠገብ በርጩማ አውጥተው ይቀመጡ ነበር። ሙቅ ውኃው በጣሳ። መስታወቱን የምይዝልዎ እኔ ነበርኩ፤ ጥግ ላይ የተሰነጠቀችውን። እጄ ሲዝል መስታወቱ ዘንበል ይላል፤ እርስዎ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ምላጩን ወደ ላይ እንደያዙ ዝም ብለው ይጠብቁኛል። የገላ ሳሙና ነበር የሚቀቡት፤ ሲጨርሱ ሻቡን ውኃ አስነክተው አገጭዎ ላይ ያሹት ነበር። የሳሙናውና የድርቆሹ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ቀርቷል። እዚህ አገር ይህን ያህል ዓመት ኖሬ፣ እሱን በአንዲት ቆርቆሮ ውስጥ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጥቁሯ የሐምሌና የነሐሴ ናት፤ ሰንደል ነች። ቤቱ ሲረጥብና ልብስ አልደርቅ ሲል ከባድ ሽታ ይሞቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የፈረንጅ ሽቶ ቀማሚዎች ሽታ የሚያከብዱበት ዝባድ ስንት ዘመን ከእኛ አገር ሲጫን ኖሯል። እኔ ራሴ እዚህ በበረዶው ጊዜ የምጠቀመው ታባክ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለውን የጀርመን ሳሙና ነው። ደስ ይላል። ስሙ ትምባሆ ማለት ስለሆነ ግን ለእርስዎ አልላክሁትም።

አረንጓዴዋን ዘንድሮም ልኬያለሁ። እንዳይፈሯት! ለመጋቢትና ለሚያዝያ ቀትር ብቻ ትቀመጥ። ያኔ ፀሐዩ ሲከር ይሞክሯት፤ እንደሚወዷት ተስፋ አለኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም እንደሆነም አስቤበታለሁ። ብዙ የጢም ሳሙና ከከብት ሞራ ይሠራል። የሚበላ ነገር ባይሆንም እርስዎን አውቅዎታለሁ። ስለዚህ ጀርባዋን አንብቤ ከአትክልት ዘይት ብቻ የተሠራችውን ገዛሁ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ባለፈው “ሽታው ብዙም አይሰማኝ” ብለውኝ ነበር። በብርድ ጠዋት ሳሙናው ላይ ጥቂት ሙቅ ውኃ ጠብ ያድርጉና ትንሽ ይቆዩ። ሙቀቱ ሽታውን ያስነሳልዎታል። ከዚያ ብሩሹን ሳይጫኑ ቀስ ብለው ያዙሩት። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ አይቸኩሉ፤ የእህቴ ልጅ መስታወቱን ይያዝልዎ።

ለእማዬም ይንገሩልኝ፤ አራቱንም አንድ ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጥ። ሰንደሏ የሌሎቹን ሽታ ትሸፍናለች።

ቡናማዋን በኅዳር ሲከፍቱ ይደውሉልኝ። ድርቆሽ ትሸታለች ወይስ ለእኔ ብቻ ነው የመሰለኝ? ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ፣ ከኮሎኝ