ነቅተው ላደሩልኝ ጋሼና ለሁላችሁም፦ የምስጋና መልእክት

ያለፉት ሁለት ዓመታት እንዴት እንዳለፉ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ወዳጆቼ ሁሉ ስለምታውቁ ወደዚያ አልመለስም። የውቅያኖስ ጅረትና የባሕር በረዶ የአንታርክቲካን ክሪል (ሽሪምፕ መሰል ትንሽ የባሕር እንስሳ) ሥርጭት እንዴት እንደሚወስኑ በኮምፒውተር ሞዴል ያጠናሁበትን የመመረቂያ ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት በፈታኞች ፊት አቅርቤ አልፌያለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የኮምፒውተር ክፍላችን የሌሊት ጥበቃ የነበሩትን ጋሼን ነው፤ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። ሞዴሉ በሺህ የሚቆጠሩ ምናባዊ የክሪል እጮችን ከአንታርክቲካ ባሕረ ገብ መሬት አጠገብ ለቅቆ፣ ጅረቱ ስንቶቹን ደቡብ ጆርጂያ ደሴት እንደሚያደርስ ስለሚከታተል አንድ ስሌት ሦስት ሌሊት ይፈጃል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ይቆማል። ጋሼ ያን ሁሉ ውርጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው እየነቁ ማሽኑን ያስነሡልኝ ነበር። አልነሣ ሲላቸው ብቻ ይደውሉና «ልጄ፣ ከብቶችህ ቆሙ» ይሉኛል። በተረኛ መዝገባቸው ላይም «ከሌሊቱ 8፡20 ጠፋ፣ 9፡05 መጣ፣ አስነሣሁ» እያሉ በእርሳስ ይጽፉ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ጽሑፌን ያዳነው ያ መዝገብ ነው። የክሪል እጭ የመጀመሪያ ክረምቱን የሚያልፈው ከባሕር በረዶ ሥር የሚበቅለውን ዋቅላሚ (አልጌ) እየጋጠ ሲሆን፣ ነፋስ የሚገፋው በረዶ ከጅረቱ መንገድ ሊያስወጣው ይችላል። (ክረምታቸው ከእኛ ክረምት ጋር መግጠሙ ሁልጊዜ ይገርመኛል።) በረዶው በመስከረም ወደ 18 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በየካቲት የሚቀረው 3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። እኔ በጻፍሁት ፕሮግራም ስሕተት የተነሣ፣ ተቋርጦ የነበረ ስሌት ሲነሣ እጮቹ ካቆሙበት ከነሐሴ ሲቀጥሉ የበረዶው መረጃ ግን ወደ የካቲት ይመለስ ነበር። በበረዶ መሸፈን የነበረበት ባሕር ባዶ ውሃ ሆኖ ስለሚጠብቃቸው እጮቹ በጅረቱ እየተንሸራተቱ ያለ ችግር ደቡብ ጆርጂያ ይገባሉ። ውጤቱ ስላማረ አልጠረጠርሁም። አማካሪዬ ሁለት ስሌቶች ለምን እንደተለያዩ ሲጠይቁኝ መዝገቡን ከውጤቶቹ ጋር ባስተያይ፣ ያማሩት ሁሉ መብራት የጠፋባቸው ሌሊቶች ሆነው ተገኙ። የዚያን ዕለት ማታ ላመሰግናቸው ሄጄ ቃል አጣሁ፤ እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

እናቴን በጽሑፍ ማመስገን አልችልበትም።

አማካሪዎቼና መምህራኖቼ፣ ከአንኮበርና ከደብረ ሲና እየተመላለሳችሁ የጠየቃችሁኝ ዘመዶቼ፣ ሻይ ቤት ስለ ክሪል ሳወራ የታገሣችሁኝ ጓደኞቼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኋችሁ ብዙ ናችሁና ይቅር በሉኝ።

ጋሼ፣ መዝገብዎ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤ ለገና መሐል ሜዳ ድረስ ይዤልዎት እመጣለሁ።