የት ነሽ ስልሽ

ልጄ፣

ሐሙስ 20 ዓመት ይሞላሻል። እንኳን አደረሰሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ደውዬ «የት ነሽ?» ስልሽ «ላይብረሪ ነኝ እማ፣ እያጠናሁ ነው» አልሽኝ። ሊድስ ያለሽ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ሰዓት የክርስትና እናትሽ እዚህ ለንደን፣ ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አይታሻለች። ስልክ ጆሮሽ ላይ ነበር አለች። ልትጠራሽ ብላ ተወችው። ማታ ቤት መጥታ፣ ኮቷን እንኳን ሳታወልቅ ነገረችኝ።

አትዋሺኝ። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ።

ያ የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ፣ «ሃፒ ቫሊ»፣ የተመለሰ ጊዜ ትዝ ይልሻል? በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቀን፣ 2023። የ2014ቱንና የ2016ቱን ክፍሎች ቀድመን በኢንተርኔት፣ በቢቢሲ አይ ፕሌየር፣ ጨርሰን ነበር። ሰባት ዓመት የጠበቁትም የፖሊሷን የካትሪንን የልጅ ልጅ፣ ራያንን፣ የሚጫወተው ልጅ እስኪያድግ ነው ብለሽ አስረዳሽኝ። ስድስት እሁድ፣ ማታ 3 ሰዓት። የእሁድ ተረኛነቴን ለሰው ሰጥቼ ነበር የማየው። የዮርክሻየር አነጋገር ስለማይገባኝ ጽሑፉን ከሥር አድርጊልኝ ስልሽ ታጉረመርሚ ነበር፤ ግን አንድም ቀን አልከለከልሽኝም።

ያቺ ካፌ ውስጥ ያለችው ነገር። ሳጅን ካትሪን ውጭ ቆማለች። እህቷ ክሌር በመስታወቱ ውስጥ ትታያለች። ካትሪን ደውላ የት ነሽ ትላታለች። ክሌር ስልኩን አንስታ ሌላ ቦታ ነኝ ትላለች፤ እህቷ ፊቷን እያየቻት። ለካ ራያንን እስር ቤት ያለው አባቱ ጋ፣ ሼፊልድ ድረስ፣ በድብቅ እያመላለሱት ነው። ያ አባት፣ ቶሚ፣ ደግሞ የካትሪንን ልጅ ደፍሮ ለሞት ያበቃት ሰው ነው።

አንቺ ብድግ አልሽ። ሻይሽ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። «እኔ ብሆን ክሌርን በሕይወቴ አልምራትም» አልሽ። በማግስቱ ሥራ ቦታም፣ ሆስፒታል፣ በሻይ ሰዓት ወሬው እሱ ብቻ ነበር። አብራኝ የምታጸዳው ጃማይካዊት «እህት እህቷን እንዲህ አታደርግም፣ ከቤት ትውጣ» አለች። ፖላንዳዊቷ «ልጁስ? አባቱን ማየት መብቱ ነው» ብላ ተሟገተቻት። እኔ ዝም አልኩ። ከክሌር ጎን ነበርኩ። ላንቺም አልነገርኩሽም።

ምክንያቱን አሁን ልንገርሽ። ቤይሩት እያለሁ የምተኛው ኩሽና ውስጥ፣ ፍሪጁ ሥር ነበር። አያትሽ በወር አንዴ ኮምቦልቻ ጎረቤት ሱቅ መጥታ ስልክ ትጠብቀኛለች። የራሴ ክፍል አለኝ፣ መስኮትም አለው እላታለሁ። አንድ ቀን «ይሄ ኡኡኡ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ። የፍሪጁ ሞተር ነው። «ባሕሩ ነው እማዬ» አልኳት። አራት ዓመት ሙሉ ባሕሩ ነው አልኳት። ልጄ ባሕር እያየች ነው የምትተኛ እያለች ለሰፈሩ ሁሉ ትናገር ነበር። ከሞተች በኋላ አክስትሽ የነገረችኝን ስሚ። ስልኩን ዘግታ ወደ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ትቀመጥ ነበር አለችኝ። እንደዋሸኋት ታውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ እንዳልጨነቅ ብላ ያመነች መሰለች። እውነቱን ሳልነግራት አፈር ገባች። ይሄ ነገር እስካሁን ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

ስለዚህ አትዋሺኝ። እኔም እንደሷ መንገድ ላይ እንድቀመጥ አታድርጊኝ።

በርበሬውን ልኬልሻለሁ፤ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው፣ መስኮት ላይ አትተይው። የክፍልሽን ግድግዳ ሻጋታ ፎቶ አንስተሽ ለአከራዩ በጽሑፍ ላኪ፤ በቃል ብቻ አትናገሪ። ሐኪም ጋ ካልተመዘገብሽ ነገውኑ ተመዝገቢ።

የመጨረሻው ክፍል ያለቀ ቀን ብዙ ሰው ያወራውን ታስታውሻለሽ። ሰው ተኩስ ጠብቆ ነበር። የመጣው ግን ሁለት ሰው ኩሽና ውስጥ ሲነጋገር ነው። ቶሚ ቆስሎ ተቀምጦ የራያንን የልጅነት ፎቶዎች ሲያገላብጥ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ታሪክ እንደነገሩ አለቀ ያሉ ነበሩ፤ እነሱ ልክ ናቸው። ኩሽናው ላይ ግን አልስማማም። እንደዚያ ያለ ነገር የሚያልቀው በወሬ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ። የሌላው የፖሊስ ድራማ፣ የ«ላይን ኦፍ ዱቲ»፣ መጨረሻም በ2021 ወደ 13 ሚሊዮን ሰው አይቶት፣ የሚፈለገው አራተኛው ሙሰኛ ፖሊስ ያ ምንም የማይመስለው ባክልስ ሆኖ ሲገኝ አገሩ ተናደደ። አንቺም ትራስ ወረወርሽ። እኔ ልክ ነው አልኩ፣ አሁንም እላለሁ። ብዙ ጥፋት የሚሠራው በብልጦች አይደለም። ነገሩን እያወቀ ዝም በሚል ደካማ ሰው ነው።

ካምደን ማን እንደሚኖር ሁለታችንም እናውቃለን። ከኪንግስ ክሮስ በእግር ይደረሳል። እሱን ለማየት ከሆነ የመጣሽው፣ አባትሽ ቶሚ አይደለም። ሰው አልገደለም። ጥሎን ሄደ፣ በቃ። ስሙን እቤት ውስጥ አትጥሪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ያኔ 11 ዓመትሽ ነበር። ያን ማለት አልነበረብኝም። ክሌር የዋሸችው ካትሪን እንደምትጮህ ስለምታውቅ ነው። እኔም እጮህ ነበር። አሁን አልጮህም። ግን እኔ ቤት ሳትመጪ፣ እኔ ከተማ ውስጥ ሆነሽ ሊድስ ነኝ አትበዪኝ። አትዋሺኝ ልጄ።

ሌላ ነገር ከሆነም፣ ትምህርቱ ከብዶሽም ከሆነ፣ ገንዘብም ከሆነ፣ ንገሪኝ። ዕቁቤ በሚቀጥለው ወር ይደርሰኛል።

ጾሙ ሳይገባ ዶሮ እሠራለሁ። ቅዳሜ ነይ፤ የባቡሩን ቲኬት እኔ እቆርጣለሁ፣ የቅናሽ ካርድሽን አትርሺ። ወፍራሙን ካፖርት ልበሺ።

ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት እደውላለሁ። የት ነሽ እልሻለሁ።

እናትሽ